ሽሮ ሜዳ፦ በሰባት ሰው ሄደን ያጣነውን በሦስት ሰው አገኘነው

የታናሽ እህቴ ሰርግ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ነበር። ለስድስቱ ሚዜዎች የሐበሻ ቀሚስ፣ ለሁለቱ አባቶች ደግሞ ጋቢ የማሠራቱ ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። ሥራዬ ግዥ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ፣ ከአቅራቢ ጋር ዋጋ መነጋገር፣ ርክክብ ላይ ቆሞ መቁጠር የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ "እሷ ትጨርሰዋለች" ብሎ ተወልኝ።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ፎቶውን ያየ ሁሉ "የት አሠራችሁ? ስንት አወጣችሁ?" እያለ ይጠይቀኛል። ለሁሉም በየተራ ከምመልስ እዚህ በዝርዝር ልጻፈው። በተለይ ተሰብስቦ ሄዶ ዋጋ መከራከር የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚጎዳ ማወቅ ለምትፈልጉ፣ ሁለቱንም በአንድ ወር ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የሱቆቹን ስም ግን አልጠራም።

ለማያውቀው ሰው፣ ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ የአሜሪካ ኤምባሲን አለፍ ብሎ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ተሰቅሎ ይታያል። ከሌላ ገበያ የሚለየው ግን ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ሰፈር ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ለብዙ ዘመን የኖሩበትና ልጆቻቸውን ሙያ ያስተማሩበት ቦታ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ በበሩ በኩል ይታያል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ገበያ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ የሚሸጥ ቀሚስ ላይ የምትከራከረው ስለ ዋጋው ብቻ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ስለ ክሩ፣ ስለ ጥለቱ ስፋት፣ ስለሚፈጀው ጊዜ መነጋገር ይቻላል፤ የሚሠራው ሰው እዚያው ነዋ። እኛ መጀመሪያ ስንሄድ ይህን ዕድል ሳንጠቀምበት ቀረን።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ የካቲት 15 ነበር፤ የዐቢይ ጾም ቅበላ። ሙሽራዋ፣ አምስት ሚዜዎችና እኔ ሆነን ሰባት ሰው ሄድን። ብዙ ሆነን ከገባን ባለሱቆቹ ይፈሩናል፣ ብዙ ስለምንገዛም ይቀንሱልናል ብለን ነው። ገበያው በሰው ተጨናንቋል፤ የጥርን ሰርግ የጨረሱት ሱቆች ለፋሲካ ማግስት ሰርገኛ እየተዘጋጁ ናቸው።

የገባንበት ሱቅ ሰፊ ነው፣ መስታወቱም ትልቅ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ገና ዋጋ ሳንጠይቅ ከሚዜዎቹ አንዷን ይዛ መጋረጃው ጀርባ አስገባቻትና ሽፎን ላይ አረንጓዴ ጥለት የተሠራበት ቀሚስ አልብሳ አወጣቻት። ልጅቱ ስትወጣ አራቱ በአንድ ድምፅ "ውይ እንዴት ያምራል!" አሉ። ባለሱቋ ፈገግ አለች። እኔ ያን ጊዜ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን ሳስቀምጥ ነበር፤ ቀና ስል ነገሩ አልቋል። "ስንት ነው?" ስንል 9,500 ብር አለች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሌላዋ ሚዜ "እኛ እኮ የያዝነው ስምንት ሺህ ነው" ብላ ተናገረች። በቅንነት ነው፤ ልጅቱ ሰውን ማስቸገር አትወድም። ባለሱቋም በቅንነት ተቀበለቻት፦ "በቃ ለእናንተ ስምንት ሺህ ይሁን፣ ሙሽራ ናችሁ።" ከዚያ ወዲያ አንድ ብር አልቀነሰችም። ለምን ትቀንስ? ያለንን ነግረናታል።

ቀጥሎ ደግሞ በቀለም ተጣላን። ሦስቱ አረንጓዴውን፣ ሁለቱ ወይን ጠጁን ፈለጉ። የወይን ጠጁ ጥለት ሰፊ ስለሆነ 1,500 ብር ይጨምራል ተባለ። ባለሱቋ የሁለቱ ወገን ሆና "እሱ እኮ ነው ለፎቶ የሚወጣው" ማለት ጀመረች። አረንጓዴውን ከመረጡት አንዷ ተቆጥታ ወጥታ በር ላይ ቆመች። ሙሽራዋ ልታስታርቅ ተከትላት ወጣች። እኔ ከባለሱቋ ጋር ስለ ዋጋ መነጋገሬን ትቼ ከእህቴ ጓደኞች ጋር ስለ ቀለም መነጋገር ያዝኩ። መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ ስንቀመጥ የመጀመሪያው ደንባችን አቅራቢ ፊት አንከራከርም የሚል ነው፤ የሐሳብ ልዩነት ካለ "ትንሽ ጊዜ ስጡን" ብለን በሩን ዘግተን ነው የምንነጋገረው። ያን ቀን ያ ደንብ ትዝ ያለኝ ሱቁን ለቀን ስንወጣ ነው።

ባለሱቋን አልወቅስም። እሷም እኮ ቡድን ናት። ልብስ የምታለብሰው ልጅ አለች፣ ሻይ የሚያመጣ ልጅ አለ፣ ዋጋ ሲጠነክር "ቆይ ባለቤቱን ልደውልለት" ብላ ስልክ ታወጣለች። የደወለችለት ሰው ባይኖርም እንኳ ስልኩ ላይ "እሺ… እሺ… አይሆንም?" ስትል አንተ ነህ የምትለሳለሰው። እነሱ እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ያውቃሉ፤ እኛ ሰባት ሆነን አንዳችን የሌላችንን ሥራ አናውቅም ነበር።

ከዚያ ሱቅ ባዶ እጃችንን ወጣን። ተናደን ስለነበር ንዴታችን ያረፈው አንድ ትንሽ ሱቅ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝም ይሄኛው ነው። ሱቁ ጠባብ፣ ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የአባቶቹን ጋቢ እዚያ እናሠራ ተባለ። አንዱን 3,800 አሉ። አምስት ሰው ከበባቸው። አንዷ "ሌላ ቦታ 2,500 ነው" ትላለች፣ ሌላዋ "ሁለት እኮ ነው የምንገዛው" ትላለች፣ ሦስተኛዋ ለመሄድ ትነሣለች። ሽማግሌው አንዷን መልሰው ሳይጨርሱ ሌላዋ ትቀጥላለች። እኔም ዝም አላልኩም። በመጨረሻ 2,600 አስገባናቸው። ሰውየው ጥቂት ዝም ብለው ጋቢዎቹን እያጣጠፉ "ይሁን እሺ፣ በሳምንቱ ኑ" አሉ። እኛ ስንወጣ የጦር ሜዳ ድል ያገኘን ያህል ተሰማን።

በሳምንቱ ጋቢዎቹ መጡ። አክስቴ እኛ ቤት ነበሩ። አክስቴ ጥጥ ባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዛሬም እጃቸው ላይ ጨርቅ ከገባ ጣታቸው ዝም አይልም። ጋቢውን በክብደቱ ለኩት፤ ከዚያ አራቱን ድርብ ለያይተው አንዱን ንጣፍ መስኮቱ ላይ ዘረጉት። በጨርቁ ውስጥ የግቢያችን የኮባ ቅጠል እየተወዛወዘ ይታያል። ጠጋ ብዬ ሳየው ድሩ፣ ማለትም በቁመቱ የተዘረጋው ክር፣ በቦታው ነው፤ ቀጭን፣ እኩል፣ የፋብሪካ ክር። በመካከሉ የሚያልፈው ማግ ግን አልፎ አልፎ ነው የተመታው፤ ጥፍሬን ሳስገባ ወደ ግራና ቀኝ ሸሸ። አክስቴ አልተቆጡም። "ዋጋ ቀነስን ነበር ያላችሁት አይደል? የቀነሳችሁት ማጉን ነው" አሉና አጣጥፈው መለሱልኝ።

ሽማግሌው አላታለሉንም። በ2,600 ብር የሚሠራውን ጋቢ ነው የሠሩልን። ዋጋውን እስከዚያ ድረስ ስንገፋ ከሰውየው ትርፍ ላይ የሚወጣ መስሎን ነበር፤ ከጀርባ ያለው ሸማኔ ግን ቀኑን የሚቆጥረው በክር ነው። ብዙ ሆኖ የመከራከር ትልቁ ጉዳቱ ይሄ ይመስለኛል። አንድ ሰው ብቻውን ሲከራከር የሻጩ ፊት ሲለወጥ ያያል፣ ያፍራል፣ ይቆማል። አምስት ሲሆኑ ማንም አያፍርም፤ መቆሚያውን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ከዚያ በኋላ አዲስ አሠራር አወጣን። መጀመሪያ ማታ ሁሉም ሚዜዎች ስልክ ላይ ተገናኝተው ቀለሙን ወሰኑ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ አረንጓዴው አሸነፈ። እያንዳንዳቸው ሊከፍሉ የሚችሉትን ጣሪያም ለእኔ ለብቻ ነገሩኝ። ወደ ገበያው የሚሄደው ሦስት ሰው እንዲሆን ተስማማን። እኔ ተናጋሪ፣ አክስቴ ጨርቅ አዋቂ፣ ከሚዜዎቹ ረጋ ያለችው ደግሞ ጸሐፊ፤ የሚባለውን ሁሉ ትጽፋለች፣ ሒሳብ ትመታለች፣ አትናገርም። ሙሽራዋ ቤት ትቀራለች፤ "ሙሽራዋን ሳናማክር አንወስንም" ለማለት እንዲመቸን ነው፣ ደግሞም እውነት ነው።

ማክሰኞ የካቲት 25 ጠዋት ሄድን። ማክሰኞ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ገበያው ጸጥ ያለ ነው፣ ባለሱቆቹም ለመነጋገር ጊዜ አላቸው። ሦስት ሱቅ ዞረን በአራተኛው ጸናን። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ መካከለኛ ሱቅ ነው። ባለቤቷ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። አክስቴን ስታይ ተነሥታ "እማማ ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ" ብላ ወንበር አቀረበች፤ እሷ ቆመች። አክስቴ ገና ከመቀመጣቸው የመብራቱን አምፖል አይተው ቀሚሱን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። በአምፖል ብርሃን ስር ቀለም ያታልላል፤ አረንጓዴው ውጭ ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ሌላ አስመጡ።

ባለሱቋ 9,500 አለች፤ ልክ እንደ ቅዳሜው። እኔ ስለ ዋጋ አልተናገርኩም። አክስቴ "ልጄ፣ ይሄ ክሩ ምንድን ነው?" አሉ። "መነን ነው እማማ፣ የፋብሪካ ክር። ለሚዜ የእጅ ፈትል ይከብዳቸዋል፣ ሲጨፍሩ ያልባቸዋል።" አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነቷን ነው አሉኝ በዓይናቸው። ከዚያ ስለ ጥለቱ ጠየቋት፣ ማን እንደሚሠራው፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ። ሴትየዋ ከእኔ ፊቷን አዙራ ከእሳቸው ጋር ማውራት ጀመረች። ቅዳሜ ዕለት በሰባት አፍ ያላገኘነውን ነገር በዚያ ጨዋታ መካከል አገኘሁት። "ስድስቱም አንድ ዓይነት ከሆነ እኮ ሸማኔው ድሩን አንዴ ነው የሚዘረጋው፤ ለየብቻ ሲሆን ነው ቀኑ የሚበላው" አለች።

ጸሐፊዋ ልጅ ጻፈችው። እኔም ተናገርኩ፦ "እንግዲያው እህቴ፣ ድሩ አንዴ ከተዘረጋ ለስድስቱ ዋጋው እንዴት አንድ ይሆናል?" ሴትየዋ ሣቀች። ከዚያ በእውነት ተነጋገርን። በሁለት ሳምንት ከሚሆን በአንድ ወር ቢሆንላት፣ ከፋሲካው ግርግር በፊት ሸማኔዋን ሥራ ስለማታስፈታ ይሻላታል። ከኋላ በኩል ያለው ጥለት ነጠላው ስለሚሸፍነው ከአራት ጣት ወደ ሁለት ጣት ቢጠብብ ማንም አያየውም። የፊቱ ግን አይነካም፣ የጨርቁም ጥራት አይነካም። እጅጌው ላይ ጥለቱ ይቅር። በዚህ ሁሉ 7,800 ደረሰች። እኔ 7,000 ስል "አይከፍልም" አለች፤ ድምፅዋ እንደ ቅዳሜዎቹ አልነበረም። ጸሐፊዋን አየኋት፣ ከሚዜዎቹ ጣሪያ በታች መሆናችንን በጣቷ አሳየችኝ። ነጠላውን ጨምራ 7,400 ተስማማን። ለስድስቱ 44,400 ብር፤ ግማሹን 22,200 ቀብድ ከፈልን።

ሦስት መሆናችን ያልጠቀመበትም ቦታ አለ። አክስቴ መካከል ላይ አንዱን ጥለት በጣታቸው እየዳሰሱ "ይሄማ የእጅ ጥበብ ነው፣ እግዜር ይባርከው" አሉ። ከልባቸው ነው፤ ሴትየዋ ግን ከዚያ በኋላ 200 ብር አልቀንስም ብላ ጸናች። አክስቴን ዝም ይበሉ ማለት አልችልም፣ አልፈልግምም። የዕረፍት ፈቃድም ይጠይቃል፤ ሁለታችን ግማሽ ቀን ከሥራ ቀርተናል፣ አክስቴን አምጥቶ መመለስም የታክሲ ወጪ አለው። ደግሞ ወይን ጠጁን ከመረጡት ሁለት ልጆች አንዷ "ለምን እኔ አልሄድኩም?" ብላ ለሁለት ሳምንት ያህል አኮረፈችኝ። ስልክ ላይ ድምፅ ሰጥታ ነበር፤ ግን ልብስ የሚመረጠው በእጅ ተነክቶ መሆኑን አልካድኳትም። ብዙ ሰው የሚከፍልበት ነገር ላይ ጥቂት ሰው ሲወክል ይህ ቅሬታ የትም አይቀርም።

ከወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ ለእኔ ከዋጋው የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው። ስንስማማ ባለሱቋን ከዚያው ጨርቅ የጣት ያህል ቁራጭ ቆርጣ እንድትሰጠን ጠየቅኳት። ጸሐፊዋ ውሉ ላይ በስቴፕለር አያያዘችው። ከጎኑ "ፊት 4 ጣት፣ ኋላ 2 ጣት፣ እጅጌ ላይ ጥለት የለም፣ 6 ቀሚስ ከነነጠላው፣ መጋቢት 27" ብላ ጻፈች። ሁለታችንም ፈረምን። መሥሪያ ቤት ናሙና እንደምንይዘው ማለት ነው። ባለሱቋ አልከፋትም፤ እንዲያውም አንድ ቁራጭ ለራሷ ቆርጣ ደብተሯ ውስጥ ከተተች።

መጋቢት 27 ስንሄድ ስድስቱም ደርሰዋል። አክስቴ ቁራጩን በየቀሚሱ ላይ እየለጠፉ አመሳከሩ፤ ልክ ነው። የአንዷ እጅጌ ብቻ አጥሮ ተገኘ፤ ባለሱቋ ሳትከራከር ተቀበለችና በሁለተኛው ቀን አስተካክላ ሰጠችን፣ ተጨማሪ አልጠየቀችም። ቀሪውን ከፍለን ደረሰኝ ተቀበልን። ሰርጉ ላይ ልጆቹ እስከ ማታ ሲጨፍሩ ዋሉ፤ ጥለቱ አልተተረተረም፣ ጨርቁ አልተጨማደደም።

ለዚህ ሱቅ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው። መልበሻው መጋረጃ ጠባብ ነው፣ ከመንገድም ይታያል፤ ልጆቹ ሲለኩ ሁለታችን ነጠላ ይዘን መከለል ነበረብን። ስልክ ላይም አይገኙም፤ "ደርሷል ወይ?" ለማለት እስከዚያ መሄድ ግድ ነው። ከዚህ ውጭ ሴትየዋ ቃሏን የምትጠብቅ ናት።

ከሰባት ሰው በላይ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የምትሄዱት ለመምረጥ ከሆነ ሂዱ፤ ለመዋዋል ግን በሌላ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ይመለስ። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ ተናጋሪ ማብዛት ምንም አይጨምርም። አክስት፣ አያት፣ ጎረቤት፣ ፈትላ የምታውቅ አንዲት ሴት ፈልጉ።

የአባቶቹ ጋቢ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ሳሳ ያሉትን ለቤት አስቀርቼ፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ብቻዬን ወደ ሽማግሌው ሱቅ ተመለስኩ። አስታወሱኝ። "ምነው ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?" አሉ ቶሎ። "አይደለም ጋሼ፣ ሌላ ሁለት ላሠራ ነው። በመጀመሪያው ዋጋዎ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ፣ ጥቅጥቅ ብሎ።" ትንሽ አዩኝ። "እንደዚያ ከሆነ 3,800 አይበቃም፤ ፈትሉ ተወድዷል፣ 4,200 ነው" አሉ። ልከራከር አሰብኩ፤ ከዚያ ግን ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቅኳቸው። ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩልኝ፣ የሸማኔውንም ቤት በእጃቸው ጠቆሙኝ። ቀብዱን ከፈልኩ።

ጋቢዎቹ የደረሱ ዕለት አክስቴ አሁንም አራቱን ድርብ ለያይተው አንዱን ንጣፍ መስኮቱ ላይ ዘረጉት። ኮባው አልታየም። አጣጥፈው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉትና "ያዢው፣ ክብደቱን እይው" አሉኝ።